“ስንት ሲሲ ነው?” ከማለታችን በፊት

(ደብረ ብርሃን ላይ ለጋራዥ ልጆችና በየወረዳው ሞተር ለሚነዱ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተናገርኩትን ትንሽ አስተካክዬ ጽፌዋለሁ። የጠቀስኳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ውርጭ ማልዳችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከእነዋሪ፣ ከደነባ፣ ከጣርማ በር ማዶም የመጣችሁ አላችሁ። ሞተሮቻችሁን ውጭ አይቻቸዋለሁ። ፓራፋንጎው ላይ የደረቀው ጥቁር ዋልካ የማን ሞተር ከጅሩ እንደመጣ ይናገራል።

አንድ ሰው አዲስ ሞተር ገዝቶ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? “ስንት ሲሲ ነው?” ነው። የሲሊንደሩ ይዘት ስንት ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው ማለታችን ነው። መቶ ሃምሳ ካለን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ሁለት መቶ ካለን ዙሪያውን እንዞረዋለን። እኔም ለብዙ ዓመት እንዲሁ ነበርኩ። ዛሬ የመጣሁት ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ እንዳለ ልነግራችሁ ነው። ጥያቄው “ጎማው ስንት ሳንቲ ሜትር ይወጣል፣ ይወርዳል?” የሚል ነው።

ይህን ያስተማረኝ ጠርሙስ ነው። ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት መንዝ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። የክትባት ሣጥን ከኋላዬ አስሬ ከመሐል ሜዳ ወደ ገጠር እወጣ ነበር። የያዝኩት ሞተር ለአስፋልት የተሠራ ነው። ጉልበት አያንሰውም። አንድ ቀን የበግ ፈንጣጣ ክትባት ይዤ ሄድኩ። ደርሼ ሣጥኑን ስከፍት ከጠርሙሶቹ ብዙዎቹ ተሰባብረዋል። ሰዉ በጎቹን ይዞ ከንጋት ጀምሮ ይጠብቀኛል። አንዲት እናት አሥራ አንድ በግ እየነዱ የሁለት ሰዓት መንገድ መጥተው ነበር። “ልጄ፣ እንግዲህ ነገ ልመለስ?” አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ያ ሞተር እኔን ቶሎ አድርሶኛል። ክትባቱን ግን አላደረሰም። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ስለ አሞርዛተር፣ የጎማውን ንጥረት ስለሚያበርደው ዕቃ፣ ማንበብና መፍታት የጀመርኩት።

እስቲ የመንዝን በቅሎ አስቡ። ድንጋይ ለድንጋይ ስትወርድ እግሯ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጀርባዋ ግን ብዙም አይነቃነቅም። የተጫነው እህል አይፈስም። ኮቴዋም መሬቱን ሳታረጋግጥ አይለቅም። ጥሩ የገጠር ሞተር ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ቴላዮው፣ ሞተሩን የሚሸከመው የብረት አካል፣ የበቅሎዋ ጀርባ ነው። ሞላውና አሞርዛተሩ ጉልበቷ ናቸው። ጎማው ኮቴዋ ነው።

አሞርዛተር ለምቾት ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋናው ሥራው ግን ጎማው ከመሬት እንዳይለቅ ማድረግ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ አይገፋም። ፍሬን ብትይዙለትም አይቆምም። መሪ ብታዞሩለትም አይታዘዝም። ድንጋይ መትቶ ዘሎ እስኪወርድ ድረስ ሞተሩ በእናንተ እጅ አይደለም ማለት ነው። ጠጠር ላይ የሚወድቁ ልጆች “ፍሬኑ አልያዘልኝም” ይላሉ። ብዙ ጊዜ ፍሬኑ ምንም አልሆነም። ጎማው መሬት ላይ አልነበረም።

ይህ ነገር ዛሬ ወዳለበት የደረሰው ቀስ እያለ ነው። በ1909 ስኮትላንድ ውስጥ ለቀናት የሚዘልቅ የጽናት ውድድር ተጀመረ። በ1924 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ካምበርሊ በሚባል ቦታ ጭቃና ጉብታ ላይ የሚደረግ ሩጫ ተካሄደ። ሞቶክሮስ የምንለው ውድድር የተወለደው ከዚያ ነው። ያኔ አብዛኛው ሞተር የኋላ አሞርዛተር የለውም። የነጂው ጉልበትና ወገብ ነበር አሞርዛተሩ። ዘይት ያለው ባለ ሁለት ቱቦ የፊት አሞርዛተር በቢኤምደብሊው ሞተር ላይ የመጣው በ1935 ነው። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ የኋላውም ጎማ ሞላና አሞርዛተር አገኘ።

ሞተሩ ግን ገና ከባድ ነው። እንግሊዞቹ በትልልቅ ፎር ስትሮክ ሞተር፣ በየአራት ምቱ አንዴ በሚያቃጥለው፣ ያምኑ ነበር። በ1966 አንድ ነገር ሆነ። ጳውል ፍሬድሪክስ የሚባል የምሥራቅ ጀርመን ተወዳዳሪ የ500 ሲሲውን ክፍል የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። የነዳው ሲዜድ የሚባል የቼኮዝሎቫኪያ ሞተር ነው። ቱ ስትሮክ ነው፤ በየሁለት ምቱ አንዴ ያቃጥላል። ስንት ሲሲ መሰላችሁ? 360። በ500 ክፍል፣ በ360 ሲሲ! ቀለል ያለ ስለነበር ነው። ቀላል ሞተር ጉብታ ላይ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ያርፋል፣ ነጂውን አያደክምም። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ያቺ የሸዋ በቅሎ ናት ትዝ ያለችኝ። ከፈረስ ታንሳለች። ገደል ላይ ግን ማን ይቀድማታል?

እስከዚያ ድረስ ተራ ሰው ገዝቶ የሚነዳው የገጠር ሞተር እምብዛም አልነበረም። የአስፋልት ሞተር ይገዙና ማርሚታውን፣ የጭስ መውጫውን፣ ወደ ላይ ያጥፉታል። ጥርስ ያለው ጎማ ያስገቡለታል። በቃ። በ1968 ያማሃ ዲቲ-1 የሚባለውን አወጣ። 246 ሲሲ፣ ቱ ስትሮክ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 18 የፈረስ ጉልበት። ከመጀመሪያው ለጭቃና ለድንጋይ ታስቦ የተሠራ፣ ግን መብራትም ያለው፣ ከተማ ውስጥም የሚነዳ ነበር። በየወረዳው የምናውቃቸው “ዲቲ”ዎች የዚያ ዘር ናቸው።

ዲቲ-1 ሌላም ነገር ነበረው። ዘይትና ቤንዚን ቀላቅሎ መቅዳት አያስፈልግም። ዘይቱ የራሱ ጋን አለው። አንዲት ትንሽ ፓምፕ በሞተሩ ዙርና በምትሰጡት ጋዝ መጠን እየለካች ትልካለች። ይህ ለእኛ ቁልቁለት ትልቅ ነገር ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለበት ቱ ስትሮክ ሲሆን ጋዙን ዘግታችሁ በማርሽ ብቻ ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ ቤንዚን አይገባም። ቤንዚን ካልገባ ዘይትም አይገባም። ፒስተኑ ግን በኃይል እየተመላለሰ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱ የድሮ ቱ ስትሮክ ያላችሁ፣ አልፎ አልፎ ጋዝ ጨመር እያደረጋችሁ ውረዱ። ለፒስተኑ ዘይት ማጠጣት ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ።

የድሮ ሞተር ከኋላ ሁለት አጫጭር አሞርዛተሮች አሉት። ግራና ቀኝ፣ ጎማው አጠገብ ቀጥ ብለው የቆሙ። አጭር ስለሆኑ ጎማው ብዙ መውጣት አይችልም። አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲወጣ ያልቅበታል፤ ከዚያ ብረት ከብረት ይጋጫል። ያ “ቋ!” የሚለው ድምፅ ነው ጠርሙሶቼን የሰበረው። ሉሲየን ቲልከንስ የሚባል ቤልጂየማዊ መሐንዲስ አንድ ቀላል ሐሳብ አመጣ። ሁለቱን አጭር ትቶ አንድ ረጅም አሞርዛተር በነዳጅ ታንኩ ሥር አስተኛው። ቦታ አገኘ። ረዘመ። ጎማው እንደልቡ መውጣት ጀመረ። ያማሃ ሐሳቡን ወሰደ። በ1973 ሆካን አንደርሰን የሚባል ስዊድናዊ በዚህ ሞተር የ250 ሲሲውን የዓለም ሻምፒዮና በላ።

ከዚያ በኋላ ውድድሩ የሲሲ መሆኑ ቀርቶ የሳንቲ ሜትር ሆነ ማለት ይቻላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጎማው እንቅስቃሴ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ሦስት እጥፍ! በ1980 እና በ1981 ካዋሳኪ፣ ሆንዳና ሱዙኪ ደግሞ አሞርዛተሩን ከኋላው ክንድ ጋር በቀጥታ ሳይሆን በትናንሽ ማገናኛ ብረቶች አያያዙት። የብረቶቹ ብልሃት እንዲህ ነው። ጎማው ጥቂት ሲወጣ አሞርዛተሩ ጥቂት ብቻ ይጫናል፤ ለስላሳ ይሆናል። ጎማው ብዙ ሲወጣ ግን አሞርዛተሩ ይበልጥ እየፈጠነ ይጫናል፤ ይጠነክራል። ለጠጠሩ ለስላሳ፣ ለቦዩ ጠንካራ። አንድ ሞላ ሁለት ጠባይ አገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ሞላና አሞርዛተር አንድ አይደሉም። ሞላው ጉልበት ተቀብሎ መልሶ ይሰጣል። ብቻውን ቢሆን እንደ ኳስ እያነጠረ ይወስዳችሁ ነበር። አሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው ያንን ንጥረት የሚገድለው። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ሲጨመቅ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ረጅም የጠጠር መንገድ ነድታችሁ ስታበቁ የኋላውን አሞርዛተር በእጃችሁ ጠጋ ብላችሁ ዳብሱት። ትኩስ ነው። ከቀዘቀዘ ወይም ዘይት ካለቀሰ ሥራ አቁሟል። እየነዳችሁ ያላችሁት በሞላ ብቻ ነው።

ያማሃ በ1975 ኤክስቲ 500ን አወጣ። ፎር ስትሮክ ነው፣ 499 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር። “ይኸው ሲሲው አደገ አይደለም ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አደገ። ያንን ሞተር ያስወደደው ግን ቀላልነቱ ነው፤ አንድ ሲሊንደር፣ ሁለት ባልቮላ፣ ከታች ጀምሮ የሚጎትት ጉልበት። ከፓሪስ ዳካር የሚሄደው የበረሃ ውድድር መጀመሪያ ሲደረግ፣ በታኅሣሥ 1978 መጨረሻ ከፓሪስ ተነስቶ በጥር 1979 ሲያልቅ፣ ሲሪል ኔቩ የሚባል ፈረንሳዊ በዚሁ ኤክስቲ 500 አሸነፈ። በዓመቱም ደገመው። በረሃ መካከል ብቻውን ለቆመ ሰው፣ ያለ ኮምፒውተር በአንድ ቁልፍ የሚፈታ ሞተር ምን ማለት እንደሆነ ከጓሳ ሜዳ ላይ ሞተር የቆመበት ሰው ያውቀዋል።

እኔ በጣም የማከብረው ሞተር ግን ዋንጫ በልቶ አያውቅም። ያማሃ ኤጂ 100 ይባላል። 97 ሲሲ ብቻ ነው። ለአውስትራሊያና ለኒው ዚላንድ ገበሬዎች፣ በግና ከብት ለሚከተሉ ሰዎች ተብሎ የተሠራ ነው። ለበግ አርቢ! መንዝ ቢያየው የራሱ ነው የሚለው። ካቴናው በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው፤ ጭቃም አቧራም አይነካውም። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው። የጎን ማቆሚያው በግራም በቀኝም ነው። ለምን? ተዳፋት ላይ አንድ ማቆሚያ ብቻ ካለ ሞተሩ ወደ ገደሉ ይጋደማላ። ይህን ያሰበው ሰው ተዳፋት ላይ ሞተር አቁሞ የሚያውቅ መሆን አለበት። የካቴናው ሽፋን ብቻ ለኛ ዋልካ ስንት ይሠራል። የጅሩ ዋልካ ከካቴና ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ነው። ኮሮናውን፣ ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ፣ በአንድ ክረምት ያሾለዋል።

የፊት ጎማን በአጭሩ ልበል። የአስፋልት ሞተር ቸርኬ ብዙ ጊዜ 17 ኢንች ነው፤ 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የገጠር ሞተር የፊት ቸርኬ ብዙ ጊዜ 21 ኢንች ነው፤ 53 ሳንቲ ሜትር። ትልቅ ክብ ድንጋይን ከላይ ወጥቶ ይሻገራል፣ ትንሹ ግን ግንባሩን ይገጨዋል። ልጅ እያለን የሠራናቸው የእንጨት ጋሪዎች ያስተማሩን ነገር ነው። ቸርኬው ባለ ራጂ ቢሆን ይመረጣል። ራጂ ይሰጣል፣ ይለጠጣል፣ ቢጣመም ጎሚስታው ያቀናዋል። ድፍኑ ቸርኬ ከተሰነጠቀ ግን ተሰነጠቀ።

አሁን ደግሞ ስለ አየር። ይህ የእኛ የሰሜን ሸዋ ጣጣ ነው፤ ሞተሩን የሠሩት ሰዎች በባሕር ዳርቻ አገር ሆነው አያዩትም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር ያው ልክ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ያንሳል። ስለዚህ ጉልበቱም በሩብ ገደማ ይቀንሳል። 150 ሲሲ ብላችሁ የገዛችሁት ሞተር እዚህ ሲደርስ የሚሠራው 110 ሲሲ ገደማ በባሕር ዳርቻ የሚሠራውን ነው። አያችሁ፣ የሲሲው ቁጥር የደጋ ሰውን ያታልላል።

ይህ ብቻ አይደለም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቤንዚኑን እንደ ድሮው ይልካል። ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል። ሞተሩ ያፍናል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፣ ጠዋት ለማስነሳት መከራ ነው፣ ነዳጅም ይበላል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጄት በትንሽ ቀዳዳ መቀየር ነው። ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። የቡና ዓይነት ቀለም ካለው ልክ ነው። ነጭ ከሆነ አየር በዝቷል፣ አደጋ ነው።

ያንን አደጋ እኔ ከፍዬ ነው የተማርኩት። በመንዝ ቅዝቃዜ ጄቱን ዝቅ አድርጌ ሞተሬ ወፍ ሆነልኝ። ደስ ብሎኝ በዚያው ወደ መርሐቤቴ ለሥራ ሄድኩ። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ወረድኩ። ጀማ በረሃ ነው፤ ሙቀቱ ሌላ፣ አየሩ ወፍራም። ለደጋ የመጠንኩት ጄት ለዚያ አየር የሚበቃ ቤንዚን አያሳልፍም። ከወንዙ ተሻግሬ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣውን ዳገት በሙሉ ጋዝ ስወጣ ሞተሩ ጋለ፣ ጋለ፣ ከዚያ ፒስተኑ ያዘ። የኋላው ጎማ ተቆልፎ ተንሸራተትኩ። ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ፍሪሲዮን ቶሎ ባልጫነው ገደሉ ቅርብ ነበር። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። አንድ አገር ውስጥ ሦስት አየር እንዳለ ረሳሁ።

ስለዚህ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የምትመላለሱ ልጆች፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ከላይ እስከ ታች ብዙ ልዩነት አለ። ጄታችሁን ለመካከለኛው አድርጉት። ደጋ ላይ ትንሽ ቢያፍን ይሻላል። ጥቁር ካንዴላ ይጸዳል። የቀለጠ ፒስተን አይጸዳም።

በጥያቄ ጊዜ ከተነሱት ሦስቱን ላስቀምጥ።

አንድ ወንድማችን “ኢንጄክሽን ያለው ብገዛ ይህ ሁሉ ይቀርልኛል?” አለ። የጄቱ ጣጣ ይቀርልሃል። የአየሩን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለው፣ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል። የጠፋው ጉልበት ግን አይመለስም። የሌለ አየር ማንም አያመጣልህም። የካቴናውን የፊት ጥርስ ከ15 ወደ 14 ቀይረው፤ በዳገት ይጎትትልሃል፣ በአስፋልት ትንሽ ፍጥነት ታጣለህ።

አንዲት የጤና ባለሙያ እህታችን ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች። “እንዲህ ጎማው ብዙ የሚወጣና የሚወርድ ሞተር ከፍ ይላል። እግሬ መሬት አይደርስም። እኔ ምን ልንዳ?” አለች። ልክ ናት። ለዚህ ነገር ዋጋ ይከፈልበታል። የውድድር ሞተሮች መቀመጫ ወገብ ድረስ ይደርሳል፤ ከ90 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ አለ። ጭነት ይዞ በሚቆምና በሚነሳ ሰው ላይ ይህ አደጋ ነው። ለሷ የምለው 30 ሳንቲ ሜትር አትፈልጊ ነው። ወደ 18 ሳንቲ ሜትር የሚንቀሳቀስ፣ ቀለል ያለ፣ ሁለቱም እግርሽ ጣት የሚረግጥበት ይበቃል። ስትቆሚ ከፍ ያለውን ወገን መርጠሽ እግርሽን አሳርፊ። ሞተር ሻጮች ለሴት ብለው ትንሿን የከተማ ሞተር ይሰጣሉ፤ እሱ አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግሽ ዝቅ ያለ የገጠር ሞተር ነው።

ሦስተኛው “መሥሪያ ቤት የሰጠኝ የአስፋልት ሞተር ነው፣ መቀየር አልችልም፣ ምን ላድርግ?” የሚል ነበር። ይህ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን በተግባር እንየው። ጥርስ ያለው ጎማ አስገባ። ጭቃ ላይ ንፋሱን ትንሽ ቀንስ፤ ድንጋይ ላይ ግን መልሰህ ሙላ፣ ካልሆነ ካላማዳሪው ቸርኬና ድንጋይ መካከል ተነክሶ ይቀደዳል። ከሁሉ በፊት ግን የሞላህን ልክ አስተካክል። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። የሚያስፈልገው ሜትርና ሁለት ጓደኛ ነው። ሞተሩን አንስታችሁ የኋላው ጎማ አየር ላይ ሲሆን ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ለኩ። ከዚያ ነጂው ከነጭነቱ ይቀመጥና እንደገና ለኩ። ልዩነቱ ጎማው ከሚንቀሳቀሰው ሲሶ ያህል መሆን አለበት። 12 ሳንቲ ሜትር የሚንቀሳቀስ ከሆነ 4 ይበቃል። 7 ከወረደ ሞላው ልል ነው፤ ቀለበቱን አጥብቁት። 2 ብቻ ከወረደ ደርቋል፣ ዕቃችሁን ይሰብራል።

የእኔ ሞተር በር ላይ ቆሟል፣ በእሱ እንጀምር። አንዳችሁ ሜትር ያዙ። አንዳችሁ ተቀመጡበት። ከኋላ ያሰርኩት ሣጥን ባዶ አይደለም፤ ውኃ የሞሉ ሃያ ጠርሙሶች አሉበት። ከለካን በኋላ እስከ ኬላው ያለውን ጠጠር ደርሰን እንመለስና እንቆጥራቸዋለን።